አባሉን ሥራ ስጡት፦ ለሙያ ማኅበራት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴዎች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላት፣

የአባልነት እድሳት ጊዜ ሲደርስ በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። አባላት የት ገቡ? መዋጮው ከብዷቸው ይሆን? ወጣቶቹስ ለምን አይመጡም? ከዚያ የማስታወሻ መልእክት ይላካል። የተወሰኑት ይከፍላሉ። የቀሩት ዝም ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ኮሚቴው አዳዲስ አባላትን ለመመዝገብ ዘመቻ ይጀምራል፤ ዝም ያሉትም በዚያው ይረሳሉ።

ይህ ደብዳቤ ስለ እነሱ ነው። እኔ የሙያ ማኅበር አባል ከሆንኩ ቆይቻለሁ። በአባላት ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ስሠራ፣ አባልነታቸውን ያላደሱ የሙያ አጋሮቼን እየደወልኩ አነጋግር ነበር። ተቆጥቶ የወጣ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ገንዘቡን የሚያነሱ አሉ። ጨዋታው ትንሽ ሲረዝም ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ማኅበሩ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ተጠርቼ የሠራሁት ነገር የለም። ብኖርም ባልኖርም ያው ነው። ይህን በተለያየ አነጋገር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አባላችሁን ሥራ ስጡት። ጥቅማ ጥቅም ከማብዛታችሁ በፊት፣ መዋጮ ከመቀነሳችሁ በፊት፣ አዲስ ዓርማ ከማሠራታችሁ በፊት፣ አባሉ እጁን የሚያስገባበት ቦታ አዘጋጁለት። ሰው የራሱ ድካም ያለበትን ነገር በቀላሉ አይተውም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የሙያ ማኅበራት ሲጀመሩም እንዲህ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ውስጥ ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች አንድ ቡና ቤት ተሰባስበው የሲቪል መሐንዲሶችን ተቋም መሠረቱ። ያን ጊዜ በዚያ አገር መሐንዲስ የሚሆን ሰው ሙያውን የሚማረው በዋናነት ሥራ ላይ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የተሰባሰቡት አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ለማካፈል ነው። መጀመሪያ ላይ በቁጥር በጣም ጥቂት ነበሩ። በ1820 ታዋቂው የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲሆን ነገሩ ተቀየረ። ስሙ ሰው እንደሳበ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ቴልፎርድ ስሙን ብቻ ሰጥቶ አልተቀመጠም። አባላት በየሥራ ቦታቸው ያዩትን ጽፈው እንዲያመጡና በስብሰባ ላይ እንዲወያዩበት ይገፋፋ ነበር። ለቤተ መጻሕፍቱም ከራሱ መጻሕፍት ሰጠ። ተቋሙ በ1828 ንጉሣዊ ቻርተር አገኘ፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1852 ኒው ዮርክ ውስጥ 12 መሐንዲሶች ተገናኝተው የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርን አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ደከመ። ከ1855 እስከ 1867 ድረስ ስብሰባ እንኳ አልነበረውም። በእነዚያ ዓመታት ሙያው አልቆመም። ሐዲድ ይዘረጋ ነበር፣ ድልድይ ይሠራ ነበር። የተኛው ማኅበሩ ነው። በኋላ ነቅቶ ዛሬ ከ150,000 በላይ አባላት ይዟል። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ሙያው ስላለ ብቻ ማኅበሩ ይኖራል ማለት አይደለም። የተኛ ማኅበር ደግሞ ሊነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥር ልምጣ። በዓመታዊ ሪፖርታችሁ ላይ «የአባላት ብዛት» የሚል አንድ ቁጥር አለ። በዚያ ቁጥር ውስጥ ግን ሦስት ዓይነት ሰው ተደባልቋል። አንዱ ስሙ መዝገብ ላይ ያለ ነው። ሁለተኛው መዋጮውን የከፈለ ነው። ሦስተኛው የሚሳተፍ ነው። ለምሳሌ አንድ ማኅበር ዓመቱን በ1,000 አባላት ጀመረ እንበል። በዓመቱ ውስጥ 300 አዲስ ሰው ገባ። ዓመቱ ሲያልቅ 1,100 አባላት አሉ። ሪፖርቱ 10 በመቶ አድገናል ይላል፤ ጉባኤውም ያጨበጭባል። ነገር ግን ከነባሮቹ 200 ሰው ሄዷል። ከአምስት አንዱ ማለት ነው። አካሄዱ ካልተለወጠ ማኅበሩ በሚቀጥለው ዓመት ባለበት ለመቆየት ብቻ ከ200 በላይ አዲስ ሰው መፈለግ ይኖርበታል። ይህን የሚያሳየው የእድሳት መጠን ነው፤ ዓመቱን ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ አደሰ የሚለው ስሌት። አዲስ ገቢዎችን እዚያ ውስጥ አትቀላቅሏቸው። ከቀላቀላችኋቸው የሄዱት አይታዩም።

የእነዚያ 300 አዲስ ሰዎች ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። በብዙ ማኅበራት ብዙ ሰው የሚቀረው የመጀመሪያው እድሳት ላይ ነው። ምክንያቱ አይከብድም። አሥር ዓመት የቆየ አባል ማኅበሩ ውስጥ ጓደኞች አሉት። ችግር ሲገጥመው የሚደውልለት ሰው አለ። አንድ ዓመት ቢሰለቸው እንኳ እነዚህ ያቆዩታል። አዲሱ አባል ግን ደረሰኝና መታወቂያ ካርድ ነው ያለው። ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ይመጣል። የሚተዋወቁት ተቃቅፈው ሰላም ሲባባሉ ጥግ ላይ ይቆማል። በሻይ ሰዓት ስልኩን ያያል። ከሰዓት በኋላ ላይመለስ ይችላል። ይህን ሰው በእድሳት ወር በመልእክት ብትጨቀጭቁት ምን ይመልስላችኋል?

ይህን ሰው ለማቆየት የሚሠራው ሥራ እድሳቱ ሲደርስ ሳይሆን በተመዘገበ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አንድ ሰው ይደውልለት። ከጽሕፈት ቤቱ በአንድ ጊዜ ለሁሉም የሚበተን የእንኳን ደህና መጡ መልእክት በቂ አይደለም። የሚደውለው በዚያው የሙያ ዘርፍ የሚሠራ ባልደረባ ቢሆን ይመረጣል። ሦስት ነገር ይጠይቀው። አሁን ሥራዎ ላይ የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው? ምን መማር ይፈልጋሉ? ለሌላ ሰው ሊያሳዩት የሚችሉት ምን ያውቃሉ? ሁለቱን ጥያቄዎች ብዙ ማኅበር በምዝገባ ቅጽ ላይ ይጠይቃል። ሦስተኛውን የሚጠይቅ ብዙም አላየሁም። እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ጀማሪም ቢሆን የሚያውቀው ነገር አለ። በቅርቡ ከትምህርት ቤት ስለወጣ አንጋፋው ያልደረሰበትን አዲስ ሶፍትዌር ወይም አዲስ ዘዴ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህን ስትጠይቁት ከሚቀበል ሰው ወደሚሰጥ ሰው ታሻግሩታላችሁ። መልሱን ግን መዝግቡት፤ ተጠቀሙበትም። ጠይቆ መርሳት ካለመጠየቅ ይብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። በአብዛኞቹ ማኅበራት ለአባል የተዘጋጀው ቦታ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ መስማት ነው። ሌላው ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ተመርጦ ሁለትና ሦስት ዓመት መሸከም ነው። በመሀል ምንም የለም። ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው የሦስት ዓመት ሸክም ሲቀርብለት አይችልም፤ «ይቅርታ ጊዜ የለኝም» ይላል። እናንተም «አባላት መሳተፍ አይፈልጉም» ብላችሁ ትመዘግቡታላችሁ። የሦስት ዓመት ጊዜ የለውም እንጂ የሁለት ሰዓት ጊዜ ሊኖረው ይችላል። የጠየቀው ግን የለም።

ስለዚህ መሀሉን በትንንሽ ሥራዎች ሙሉት። አንድ ሰዓት የሚፈጅ፣ አንድ ምሽት የሚፈጅ፣ ቢበዛ አንድ ወር የሚፈጅ። ለምሳሌ የነርሶች ማኅበር አዲስ የአሠራር መመሪያ ሲያረቅ፣ የሌሊት ተረኛ የሆነች አባል አንዱን ክፍል አንብባ «ይህ ሌሊት ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ክፍል ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለውን ትንገራችሁ። ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሌላ ምሳሌ ከሒሳብ ሙያ። አይኤፍአርኤስ 16 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. ከጥር 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ድርጅቶች ብዙዎቹን የኪራይ ውሎቻቸውን በሀብትና ዕዳ መግለጫቸው ላይ ማሳየት ግድ ሆነባቸው። ስታንዳርዱን ለማስረዳት ትልቅ አሰልጣኝ መጥራት ይቻላል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ያንን ሥራ አንድ ጊዜ ጨርሶ የወጣ ተራ አባል፣ የት ላይ እንደተደናቀፈና እንዴት እንዳለፈው በአንድ ሰዓት ቢያሳይ፣ ነገ ጠዋት ያንኑ ለሚሠራ ባልደረባው ከትልቁ ንግግር ይልቅ ይጠቅመዋል። አስረጂው ራሱም ከዚያ በኋላ ማኅበሩ የሱ ነው። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የአንድ ገጽ ትርጉም ማየት፣ ለተማሪዎች ስለ ሥራው መናገር፣ ለአንድ አዲስ አባል መደወል፣ ሁሉም ይቆጠራል።

ትንሽ ሥራ ግን በደንብ ካልተሰጠ ያበሳጫል። መጀመሪያና መጨረሻው ይታወቅ። የሚጠይቀው አንድ ሰው ይኑረው፤ ጥያቄ ቢኖረው ለማን እንደሚደውል አይጠፋው። ሥራው የት እንደደረሰም ይነገረው። የሰጠው አስተያየት በመጨረሻው ሰነድ ውስጥ ከገባ ይወቅ፤ ካልገባም ለምን እንዳልገባ ይነገረው። በስሙ አመስግኑት፤ ያደረገውንም ጥቀሱ። «ለተባበራችሁን ሁሉ እናመሰግናለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማንንም አያመሰግንም።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሁሉ ከማከፋፈል እኔው ብሠራው ይፈጥናል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ለዛሬ ይፈጥናል። ሥራ ማከፋፈል ራሱ ሥራ ነው። ለዚህ ነው ከኮሚቴው አንድ ሰው ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ይህን ብቻ እንዲይዝ የምጠይቀው። የትኛው ሥራ እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚችል፣ ማን ገና እንዳልተጠራ የሚከታተል አስተባባሪ። አቅም ካነሰ በዓመት ከምታዘጋጁት ዝግጅት አንዱን ቀንሱና ለዚህ አውሉት።

ይህ ካልሆነ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁሌም ያው ሰዎች። ጸሐፊውም እሱ፣ አሰልጣኙም እሱ፣ የጉባኤው አስተናጋጅም እሱ። ለዓመታት ይለፋል። አንድ ቀን ይታክተዋል። ሲወጣ የአባላት ዝርዝር የት እንዳለ፣ የይለፍ ቃሉ ምን እንደሆነ፣ ከማን ጋር ምን እንደተነጋገረ የሚያውቅ ይጠፋል። እነዚህ ሰዎች የማኅበራት ባለውለታ ናቸው፤ በጣም አከብራቸዋለሁ። ለእነሱ የሚደረግላቸው ትልቁ ውለታ ግን የሚያግዛቸው ሰው መስጠት ነው። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ የሥልጣን ዘመን ገደብ መኖሩ መልካም ነው። ተተኪ ሳይዘጋጅ የሚመጣ ገደብ ግን ወንበሩን ባዶ ያደርገዋል፤ ወይም ያው ሰው ተለምኖ ይመለሳል። ተተኪው ደግሞ ምርጫ ዕለት አይገኝም። ከዚያ በፊት ትንንሽ ሥራ ሲሠራ የታየ ሰው ነው የሚሆነው።

የመጠይቅ ነገርም ያሳዝነኛል። ማኅበሩ ረጅም መጠይቅ ይልካል። አባሉ ቁጭ ብሎ ይሞላል። ከዚያ ጸጥታ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መጠይቅ ይመጣል። እባካችሁ አጭር ጠይቁ፤ በሁለት ወር ውስጥም መልሳችሁ ንገሩን። ይህን ሰማን፣ ይህን እናደርጋለን፣ ይህን ግን በዚህ ምክንያት አንችልም። «አንችልም» መባል አይከፋንም። የሚከፋን ዝምታው ነው።

«ስለ ሙያው መብት እንከራከራለን፣ ይህ አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ስለ ሙያ ፈቃድ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ደረጃ የምታደርጉት ክርክር ክቡር ሥራ ነው፤ እንዳታቆሙት። ነገር ግን ውጤቱ አባል ላልሆነውም ይደርሳል። ሕጉ ሲሻሻል ለሁሉም ነው የሚሻሻለው። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳይከፍልም እንደሚጠቀም ያውቃል። ይህን በወቀሳ መለወጥ አይቻልም። ሥልጠናም ብቻውን አይበቃም። የሙያ ፈቃድ ለማደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ በሚጠየቅበት ቦታ አባላት ለነጥቡ ሲሉ ይመጣሉ። ነገ ሌላ ተቋም በኢንተርኔት ያንኑ ነጥብ በርካሽ ሲሰጥ ወደዚያ ይሄዳሉ። በርካሽ የማይገኘው ሥራውን የሚያውቅለት ባልደረባ ነው። አስቸጋሪ ጉዳይ ሲገጥመው ዛሬውኑ ደውሎ «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ሰው። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኘው አብሮ በመሥራት ነው።

ስለ መዋጮ ብዙ አልልም። ለሁሉም አንድ ዋጋ መሆኑ ግን ልክ አይደለም። ከ400,000 በላይ አባላት ያሉት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም፣ አይትሪፕልኢ፣ ለተማሪዎች ዝቅ ያለ ክፍያ አለው፤ ሥራ ላጡና ለጡረተኞችም ቅናሽ ያደርጋል። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች፣ የታመመ፣ ሥራ የፈታ ሰው ስሙ ሳይሰረዝ ክፍያውን የሚያቆይበት መንገድ ይኑር። ሰው ማኅበሩን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሥራ ያጣ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደጅ መዝጋት በጣም ያሳዝናል። ደግሞ ከማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ደብዳቤ የሚደርሰው አባል፣ ያም የክፍያ ጥያቄ ከሆነ፣ ስለ ማኅበሩ ምን ሊያስብ እንደሚችል እናንተው ፍረዱ።

አባልነት በሕግ ግዴታ የሆነባቸው ሙያዎችም አሉ። በበርካታ አገሮች ለምሳሌ የጠበቆች ማኅበር አባል ሳይሆኑ ጥብቅና መቆም አይቻልም። እዚያ የሚያቋርጥ ስለማይኖር ችግር የሌለ ይመስላል። ችግሩ አለ፤ በእድሳት ቁጥር ውስጥ ስለማይታይ ብቻ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ለማሟላት ሰው በስልክ ሲለመን ይወጣል።

ሩቅ ያሉትንም አትርሷቸው። ስብሰባው ሁልጊዜ በዋናው ከተማ፣ ሁልጊዜ በሥራ ቀን፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ተረኛው፣ ልጅ የምታሳድገው፣ ከሩቅ የሚኖረው፣ ደረጃ መውጣት የማይችለው አስቀድመው ተቀንሰዋል። በኢንተርኔት መሰብሰብ ብዙ ረድቷል። ነገር ግን መቶ ሰው ካሜራውን ዘግቶ አንድ ሰው ሲናገር መስማት ያንኑ አዳራሽ ወደ ስክሪን ማዛወር ነው። በትንንሽ ቡድን ከፋፍላችሁ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ስጧቸው። ሩቅ ላለው አባል የሚሆን ትንሽ ሥራም ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ ረቂቅ ለማንበብ መንገድ አያስፈልግም።

አንጋፋዎቹስ? ጡረታ የወጣ ባለሙያ አርባ ዓመት ያካበተውን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። ማኅበሩ የክብር አባል ብሎ የምስክር ወረቀት ይሰጠውና ይተወዋል። ከአንድ ጀማሪ ጋር አገናኙት። ለስድስት ወር፣ በወር አንድ ጊዜ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ከፈለጉ ይቀጥላሉ። መጨረሻ የሌለው የምክር አገልግሎት እየተጓተተ ሁለቱንም ያሳፍራል። መጨረሻው ሲታወቅ ግን ሰው በደስታ እሺ ይላል።

ያቋረጡትንም ደውሉላቸው። ለማስከፈል ሳይሆን ለመስማት። ሲናገሩ አትከራከሯቸው፤ ማኅበሩንም አትከላከሉ። ምን ጠብቀው ነበር የገቡት? ምን ቀረባቸው? ምን ቢኖር ይመለሱ ነበር? የተናገሩትን ጽፋችሁ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ አንብቡት። አንዳንዶቹ በዚያው ጥሪ ይመለሳሉ። ሌሎቹ ባይመለሱም ለሚቀሩት የሚጠቅም ነገር ይነግሯችኋል።

የምጠይቃችሁን በግልጽ ላስቀምጥ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የኦዲት ሪፖርቱ በሚቀርብበት አጀንዳ ላይ ሦስት ቁጥሮች አብረው ይቅረቡ። ዓመቱን ከጀመሩት አባላት ስንቱ አደሰ? ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያድሱት ውስጥ ስንቱ አደሰ? በዓመቱ ውስጥ ለማኅበሩ ቢያንስ አንድ ሥራ የሠራ አባል ስንት ነው? ሦስተኛውን ቁጥር የሚይዝ ማኅበር እስካሁን አላጋጠመኝም። ለመያዝ ግን ከአንድ መዝገብና ከአንድ ኃላፊ በላይ አያስፈልግም። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢሆን አትፈሩት፤ በይፋ አንብቡት።

ለራሴ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዓመት ያላደሱትን አባላት ዝርዝር ስጡኝ። ከሥራ በኋላ ባሉት ምሽቶች እደውላለሁ። አብረውኝ ለመደወል ፈቃደኛ የሆኑ ባልደረቦችም አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሙያ ማኅበር አባል